የ«ጣሪያው ያፈሳል» የመጨረሻ ክፍል

ኬሶን ሲቲ፣ ሰኞ ኖቬምበር 21 ቀን 2011

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ቦሎኛ ብርዱ ገባ? የምታስታምሚያቸው ሴትዮ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጡሽ ጀመር ወይስ አሁንም የሞተ ባላቸውን ፈልጊልኝ እያሉ ያስነሱሻል? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። የላክሽው ካርቶን ደርሶናል፤ ሳሙናው ፈስሶ ቸኮላቱ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይላል። አባባ ግን «የጣልያን ቸኮላት እንዲህ ነው» እያለ ለብቻው ጨረሰው።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የዚያን ሰውዬ ስም ባነሳሁ ቁጥር «ሊዋይዋይ፣ መስመሩ ተበላሸ» ትይኛለሽ። መስመሩ ተበላሽቶ አያውቅም እማዬ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። እትዬ ናርሲ ሐሙስ ወደ አንቺ ትበራለች፤ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አስምያታለሁ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ዲስክ አለ። ለምኜሻለሁ፣ አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳታይው።

እንግዲህ ስሙን ልጻፈው፤ ወረቀት አይዘጋብኝም። ፍሎሬንስዮ ባልዳሶ። አገሩ በሙሉ «አባታችን» ለማለት ታታይ ፍሎር የሚለው፣ ሚኒስትር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ እጁን ለምርቃት ግንባሩ ላይ የሚያስነካው ኮሜዲያን። ቅዳሜ ዕለት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ አገር እያየ አዋረድኩት። ሠርቼ ጨርሼ ነው የምጽፍልሽ፤ ፈቃድ እየጠየቅሁሽ አይደለም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እንደተመረቅሁ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ አገኘሁ ያልኩሽ ጊዜ ምን እንደምሠራ አልነገርኩሽም። ጣቢያው ለሰውዬው ትልቅ የክብር ምሽት እያዘጋጀ ነበር፤ የድሮ ሥራዎቹን የሚያፈላልጉ አዲስ ምሩቆች ለጥቂት ወር ቀጠሩ። አለቃዬ እትዬ ቻሮ በመጀመሪያው ቀን አንድ የተቀደደ ጋዜጣ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችና፣

«‹ጣሪያው ያፈሳል› የሚባል የቤተሰብ ድራማ ነበር። አንድ ክረምት ታይቶ ሞተ። ቅጂ የለም። ቁራጭ ካገኘሽ ጎበዝ ነሽ፤ ካላገኘሽም አልቀየምሽም» አለችኝ።

ፎቶው አንቺ ነሽ። የስምንት ዓመቷ ኒኒ፣ ከወገቧ በታች ቀሚሷ ርሶ፣ አፏን ከፍታ ስታለቅስ።

የምጠራው በአባቴ ስም ስለሆነ ማንም አላወቀኝም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ስለዚያ ድራማ ከአፍሽ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የማውቀውን ያወቅሁት ከሰው ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። የቆርቆሮ ቤት፣ በየቦታው የሚያፈስ ጣሪያ፣ በየወለሉ ባልዲ። ሥራ የሚጠላ አባት ታታይ ፍሎር፣ የሚጨቀጭቁት ሚስት እማማ ዴልፊና፣ ሦስት ልጆችና አንድ ውሻ። አንቺ ትንሿ ነሽ፣ ኒኒ። ዓርብ ዓርብ ሰው በተሞላ ስቱዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ነው፦ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ አንድ በአንድ የአባታቸውን እጅ ይዘው ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ እሱም «እግዜር ይባርካችሁ፤ ጣሪያውን ግን ማን ይጠግነው?» ይላል። ይኸው እስከ ዛሬ በሠርግ ላይ እንኳ የሚባለው ቀልድ።

አባባ ደግሞ፣ አባትሽ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ሳቅ አስጀማሪ። ያ ነበር ሥራው። ቀልዱ ሲነገር ቀድሞ ይስቃል፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይከተለዋል። «ሰው ብቻውን መሳቅ ይፈራል፤ አንድ ደፋር ይፈልጋል» ይላል አሁንም። አንቺን ስቱዲዮ ይዞሽ ሲመላለስ ነው አይተው ለድራማው የመረጡሽ።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። ታታይ ፍሎር በየበዓሉ፣ በየቃለ መጠይቁ ሲያወራው ኖሯልና። ኒኒ በመጨረሻው ቀን ካሜራ ፊት ሸናች፣ እያለቀሰች ሮጠች፣ ድራማው በዚያው ተዘጋ። ማስረጃውም ፎቶው። ማን ይከራከረዋል? ቅጂው የለም! ያኔ ቴፕ ከውጭ በውድ ስለሚመጣ ጣቢያው ኮሜዲውን አጥፍቶ የቅርጫት ኳስ ይቀዳበት ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስንቱን ሳጥን ከፈትኩ መሰለሽ፤ ላዩ ላይ «ጣሪያው ያፈሳል» ይላል፣ ውስጡ ረጃጅም ሰዎች ይዘላሉ።

አንቺ በትምህርት ቤት «ሽንታሟ ኒኒ» ተብለሽ እንደኖርሽ የሰማሁት ከአክስቴ ነው። እኔ ግን የራሴን ከማንም መስማት አላስፈለገኝም። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አንዲት ልጅ እናቷ የነገረቻትን ይዛ መጣችና «ወንበሩን ጥረጉት፤ የሽንታሟ ልጅ ልትቀመጥ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ያኔ ቦሎኛ ነበርሽ። በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» አልሽኝ፣ «ጥሩ ነው» አልኩሽ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይህን ሰውዬ የያዝኩት። ቂም ታመሰኳለች የሚል ሰው ይምጣና ይሞክረው፤ እኔ እንኳን ማመስኳት፣ ጠግቤበታለሁ።

በመስከረም ታታይ ፍሎር ቤት ሄድን። እትዬ ቻሮ፣ ካሜራማኑና እኔ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝንጅብል የበዛበት የሩዝ ገንፎ ይበላል። እትዬ ቻሮ ጎንበስ ብላ እጁን ግንባሯ ላይ አስነካች። ካሜራማኑም። ተራው የእኔ ሆነ። እማዬ፣ እንዴት ልበልሽ፣ የዚያን ሰውዬ እጅ ይዤ ግንባሬ ላይ አደረግሁት! አላሰብኩትም። አንቺና አባባ ያሳደጋችሁት አንገቴ ከእኔ ቀድሞ ጎነበሰ። እጁ ልስልስ ያለ ነው፤ ቅባት ቅባት ይሸታል።

«እግዜር ይባርክሽ የኔ ልጅ፤ ጣሪያውን ግን ማን ይጠግነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወሬውን ጀመረ። «አይ ኒኒ! ያቺ ሚጢጢ! እኔ የመጨረሻውን ምርቃት ልሰጥ እጄን ዘርግቻለሁ፤ እሷ እቴ፣ ለቀቀችው! ዳይሬክተሩ እኔን ያየኛል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ‹ኧረ ባልዲ አምጡ!› አልኩ።» ካሜራማኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ታታይ» አልኩት፤ እስክሪብቶዬን ጨምድጄ ይዤ፣ «ፊት ተቀምጦ ሳቅ የሚያስጀምር ሰው ነበር ይባላል። ያስታውሱታል?»

«ነበር፣ ነበር። አንድ ኩሊ ነገር። ስሙን ማን ይይዝለታል? ሳቁ ግን» አለና እንደ አህያ አናፋ።

ቤት ስገባ ግንባሬን አንቺ በላክሽው ሳሙና ፈገፈግሁ። አባባ በሩ ላይ ቆሞ «ምን ነካሽ፣ ቀለም ነው?» አለኝ። «ቀለም ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ቅጂ ፍለጋው ሥራ መሆኑ ቀረ። እልህ ሆነ። ጣቢያው ቢያጠፋው እንኳ በቤቱ የቀዳ ሰው አይጠፋም ብዬ አሰብኩ፤ ግን በዚያ ዘመን መቅጃ ማን ነበረው? ሀብታም ነበረው፤ ሀብታም ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ድራማ አይቀዳም። ሌላ ማን? ከስንት ሐሳብ በኋላ አንድ ቀን የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ ውስጥ፣ ከአንድ መርከበኛ አጠገብ ተጨናንቄ ተቀምጬ ነው የመጣልኝ። የመርከበኛ ሚስቶች! ባል ከጃፓን መቅጃ ያመጣል፤ ሚስት የአገር ቤቱን ቴሌቪዥን ትቀዳና መርከቡ ሠራተኛ ሲቀይር በሚሄደው ልጅ ትልክለታለች። ለመርከበኛ ቤተሰብ ሰላምታ የሚያስተላልፍ የእሁድ ሬዲዮ አለ አይደል፤ እዚያ ደወልኩ። «‹ጣሪያው ያፈሳል›ን የቀዳችሁ እናቶች» ብዬ ለመንኩ። ሦስተኛው እሁድ ላይ ከባታንጋስ አንዲት ሴት ደወሉ። እማማ ቤሊንግ ይባላሉ።

አውቶብስ ይዤ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ ነሽ አሮጌ ካሴት የምትለቅሚው?»

«አዎ እማማ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትሽን ነው። ግቢና ቁጭ በይ።»

የተጠበሰ አሣና ሩዝ አቀረቡልኝ። እስክጨርስ ስለ ካሴት አንዲት ቃል አላወጡም። ከዚያ የባላቸውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳዩኝ፤ የመርከብ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሞተዋል። «ድራማውን አይወደውም ነበር» አሉኝ። «ሳቁን ነው የሚወደው። አንድ ሰውዬ ነበር፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቅ። ‹ያ ሰውዬ ሲስቅ ቤቴ በር ላይ የደረስኩ ይመስለኛል› ብሎ ይጽፍልኝ ነበር።»

እማዬ፣ አባባን ነው የሚሉት። አያቴ ነው አላልኳቸውም። ብናገር አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

አንድ ካሴት አምጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። «ሌሎቹ ካሴቶችስ?» አልኳቸው።

«ባሕር ላይ ቀሩ። መርከበኞቹም ይቀዱባቸዋል፣ ይለዋወጧቸዋል። ይህ ያልላክሁት ነው። ድራማው መዘጋቱን ካየ እንዳይከፋው ብዬ ሸሸግሁት። በፊት በፊት የነበሩትን እየደጋገምኩ እልክለት ነበር፤ እሱም መዘጋቱን ሳያውቅ ሞተ።»

ካሴቱ ሻግቷል። የጣቢያው ባለሙያ ሁለት ሳምንት ጠርጎ ጠርጎ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች አዳነልኝ። ብቻዬን ነው ያየሁት። አሁን የምነግርሽን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ያኔ ያየው ሁሉ የጋዜጣውን ወሬ ይዞ ረስቶታል፣ ስለዚህ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከጣሪያው ታታይ ፍሎር ራስ ላይ መፍሰስ የነበረበት ውሃ አልፈሰሰም። ገመዱ ተይዟል። እሱም ቃሉ ጠፋበት። ዝምታ። ቀጥታ ስርጭት ላይ፣ እንዲያ ያለ ዝምታ! ዓይኑ ሲንከራተት ይታያል። ከዚያ ፊተኛው ወንበር ላይ አረፈ።

«አንተ! አዎ፣ አንተ፣ ለመሳቅ የምትከፈለው! ዛሬ ውሻችን ታሟል። ና፣ ውጣ፣ ውሻ ሁንልን!»

አባባ ወጣ። ምን ያድርግ? በአራት እግሩ ተንበረከከ። «ጩህ!» አለው። ጮኸ። ሰው አልሳቀም። ታታይ ፍሎር ባልዲውን አነሳና ውሃውን በሙሉ አናቱ ላይ ደፋው። ያኔ እማዬ፣ ከዚያ ከወለሉ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየወረደ፣ አባባ ሳቀ። የእሱን ሳቅ። ትርኢቱ እንዳይሞት። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ተከተለው።

ሙዚቃው ገባ፤ ልጆቹ ለምርቃት ተሰለፉ። የመጀመሪያው ልጅ፣ ሁለተኛው ልጅ። ከዚያ አንቺ። እጁን ዘርግቶ ይጠብቅሻል። አንቺ አለፍሽው። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽውም። ውሃው ውስጥ በጉልበትሽ ወርደሽ የአባባን እጅ፣ የራሰውን እጅ፣ ይዘሽ ግንባርሽ ላይ አደረግሽው። የታታይ ፍሎር እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ! ያን ፊት ዕድሜ ልኬን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰቅለዋለሁ። ስትነሺ ቀሚስሽ ከወገብሽ በታች ርሷል። ያኔ ነው እሱ በጆሮሽ አንድ ነገር ያለሽ፤ አይሰማም፤ አንቺ ግን አፍሽን ከፍተሽ አለቀስሽ፣ ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ይኸው ነው ሽንቱ። ባልዲ ውሃ። እሱ ራሱ የደፋው።

ያኔ ማበድ ቀረኝ። ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ ይህን ሳሳይ አባባን በአራት እግሩ አገር ሊያየው ነው። ስለዚህ ቤት ወስጄ አሳየሁት። ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ተቀመጠ፤ ሲኒማ እንደሚገባ ሰው። ባልዲው ሲደፋ «ሳቁን ትንሽ ቀደም አድርጌዋለሁ» አለ። ሙያተኛ! ከዚያ አንቺ መጣሽ። «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። «አሁንም።»

«ምን ሆንክ አባባ?»

«አላየኋትም ነበር» አለኝ። «ዓይኔ ውስጥ ውሃ ነበር። አንድ ሰው እጄን ያዘኝ፤ ሊያስነሳኝ መስሎኝ ነው። በማግስቱ ጋዜጣው ሸናች ሲል እኔም አመንኩ። በእኔ ውርደት ደንግጣ ነው ብዬ… እንዳላሳፍራት ብዬ አንስቼባት አላውቅም።»

እሱ አያውቅም ነበር እማዬ። አንቺ ያውቃል ብለሽ ዝም አልሽ፣ እሱ እንዳያምሽ ብሎ ዝም አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት በሁለታችሁ መሀል ቆሞ ሲያወራ የኖረው ያ ሰውዬ ብቻ ነው። ለዚህስ ምን ቅጣት ይበቃዋል?

«እንዲታይ ትፈቅዳለህ? ሰው ሁሉ እንዲያ ሆነህ ያይሃል» አልኩት።

«እኔን ይዩኝ ምናባቱ! ልጄን ይዩልኝ እንጂ» አለ።

ለእትዬ ቻሮ ወሰድኩላት። እስከ መጨረሻው አየችው። ተነስታ በሩን ዘጋች።

«እጁ ጋ ከመድረሷ በፊት ቁረጪው» አለችኝ።

«እትዬ፣ እንዴት…»

«ሊዋይዋይ፣ ሰውዬው ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ከዚህ በኋላ ቋሚ ልቀጥርሽ ነው። ቁረጪው።»

«እሺ» አልኳት። አልቆረጥኩትም። ቅዳሜ ዕለት ማጫወቻው ላይ ለተቀመጠው ለኑኖ በእጄ ሰጠሁት። «የተቆረጠው ነው?» አለኝ። «አዎ፣ የተቆረጠው ነው» አልኩት። ዋሸሁት፤ ኋላ ሲጠየቅ እውነቱን «አላውቅም» እንዲል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አበባ፣ ዘፈን፣ እንባ፣ ጭብጨባ። ከዚያ አስተዋዋቂው «ጠፋ የተባለው ተገኘ!» አለና መብራቱ ደበዘዘ። ውሃው እምቢ ሲል ሰው ሳቀ። አባባ ሲጮህም ሳቀ። ታታይ ፍሎርም ይስቃል፤ የተሽከርካሪ ወንበሩን እጀታ ይመታል። ምን እንደሚመጣ ረስቶታል! ውሸቱን ሲደጋግመው ኖሮ እሱ ራሱ አምኖታል። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ እሱን እንጂ ስክሪኑን አላየሁም። እያሳቀው ሲመጣበት ማየት ነበር የናፈቀኝ፤ አየሁት፤ ጣፈጠኝ።

ኒኒ ስትንበረከክ ሳቁ ልክ ዝናብ ሲያባራ እንደሚሆነው ከዚህም ከዚያም ጠብ ጠብ እያለ ቆመ። መብራቱ በራ። ማንም አላጨበጨበም።

ሰውዬው ማይኩን ያዘ። «ይህ… ይህ ሌላ ቀን ነው» አለ። «ሌላ ክፍል ነው።»

ያኔ እማማ ዴልፊና፣ በድራማው ሚስቱ የነበሩት፣ ከእንግዶቹ ወንበር ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «የምን ሌላ ቀን ነው ፍሎር? ቀሚሷ እኮ ያው ነው! በማግስቱ እኮ ነው የተባረርነው!»

«ዴልፊና፣ አርጅተሻል…»

«አርጅቻለሁ፤ ግን ባልዲና ፊኛ እለያለሁ!»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ሳቁበት እማዬ! በቀልዱ አይደለም፣ በእሱ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰውዬ ሲሳቅበት ምን እንደሚመስል አየሁ። ዓይኑ ሲንከራተት አየሁ፤ የያኔው ዓይን። ግን ፊተኛው ወንበር ላይ ያለ አባባ አላገኘም።

አስተዋዋቂው ላብ በላብ ሆኖ ከወረቀቱ ላይ የቀረውን ያዘ፤ በፕሮግራሙ መሠረት ቅጂውን ያገኘችው ወጣት መድረክ ላይ ትወጣለች። ወጣሁ። «ስምሽ ማነው የኔ እህት?» አለኝ። «ሊዋይዋይ። የሶሌዳድ ልጅ ነኝ። የኒኒ ልጅ። የሳቅ አስጀማሪው የቴርዮ የልጅ ልጅ፤ ስሙን የሚይዝለት ሰው ከጠፋ ይኸው እኔ ይዤለታለሁ» አልኩ።

ታታይ ፍሎር እጁን ዘረጋልኝ። ልማድ ይሁን ልመና አላውቅም። እንደ መስከረሙ አንገቴ ሊጎነበስ ሲል ተሰማኝ። ሁለት እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ ጣቶቼን ቆላለፍኳቸው። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቆምኩ። እጁ አየር ላይ ነበር። አላወረደውም፤ እኔም አልተቀበልኩትም። ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ።

ከማስታወቂያው በፊት አስተዋዋቂው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ተባረርኩ። እትዬ ቻሮ ቀና ብላ ሳታየኝ «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ተከትላኝ መጣችና ዝግ ባለ ድምፅ «አያትሽን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። አትዘኚ፤ አልከፋኝም። ከሌላ ጣቢያ አንዲት ሴት ደውላልኝ ነበር፤ ስለ ጠፉ ድራማዎች ዘጋቢ ፊልም እንሥራ ትላለች፤ ረቡዕ ተቀጣጥረናል። እማማ ቤሊንግን መጀመሪያ እቀርፃለሁ ብያለሁ። በዚህ አገር ገና ስንት ያልተፈተሸ ካሴት አለ መሰለሽ! እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰውዬው ደም ግፊቱ ተነስቶ ሆስፒታል ገባ ይላሉ። በረዳቱ በኩልም ይቅርታ ጠይቋል፦ «ቤተሰቡ ቅር ተሰኝቶ ከሆነ።» ከሆነ! የጎረቤት ሴቶች ሻማ እናብራለት ብለው መጡ፤ አባባ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ይዳን፤ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ በየገና በዓሉ ያን ቀልድ ለመድገም እያፈረ ይኑር።

አባባን የሰፈሩ ልጆች በር ላይ እየቆሙ «አባባ ሳቅልን!» ይሉታል። «በነፃ አይሳቅም» እያለ ያባርራቸዋል። ግን ከትናንት ወዲህ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ስትሄጂ ስድስት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ለቤቱ ነው አልሽ፤ ቤቱ ተሠራ። ከዚያ ለትምህርቴ ነው አልሽ፤ ይኸው ተመረቅሁ፤ በምረቃዬ ቀን ካርቶን መጣልኝ። አሁን ደግሞ ሴትዮዋ ያለ እኔ አይሆንላቸውም ትያለሽ። አንዱን ምክንያት ግን ነግረሽኝ አታውቂም። የገባኝ ያን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሳየው ነው። እዚህ ገበያ መሀል አንድ ሰው ዞር ብሎ «አንቺ ኒኒ አይደለሽም?» ይለኛል ብለሽ ፈርተሽ ነው። እዚያ ማንም አያውቅሽም። እኔም ጭምር።

እንግዲህ እሱን ምክንያትሽንም ወሰድኩብሽ። አሁን ገበያ መሀል «ኒኒ» ቢሉሽ እጅሽን ለመያዝ ነው።

አስተዋዋቂው የጠየቀኝ «እናትሽ የት ናት?» ብሎ ነው። አገር በሙሉ ያያል። አባባ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ያያል። «ለገና ትመጣለች» አልኩ። አላማከርኩሽም። ጭብጨባውን ብትሰሚው! አባባ ከትናንት ጀምሮ ክፍልሽን ቀለም እየቀባ ነው፤ አረንጓዴ ቀባው፤ አስቀያሚ ነው፤ ዝም ብዬዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ለዚህም ጭምር ነው፤ «አይሆንም» ስትይ መስማት አልፈልግም።

እግዜር መንገድሽን ይክፈትልሽ፤ ለሴትዮዋም ጤና ይስጥልሽ፤ በጤናቸው መርቀው ይልቀቁሽ። አገር ሰምቷል እማዬ። ውሸታም አታድርጊኝ።

ልጅሽ
ሊዋይዋይ